ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ብሎኩ ይመርመር

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። እናቴ 57 ዓመቷ ነው፤ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ስታስል ቆይታ መጀመሪያ የሳንባ ምች ነው ተባለች፤ ከዚያ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። አክታዋ ላይ ግን ቲቢ አልተገኘም። አሁን በሲቲ ስካን ቀኝ ሳንባዋ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ታየ፤ ሳንባዋ ዙሪያም ውሃ ቋጥሯል። ውሃው ተቀድቶ ሲመረመር አድኖካርሲኖማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው የሚል ውጤት መጣ። ሐኪሙ ኬሞ እንጀምር ይላል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ህንድ ወይም ታይላንድ ሄዳ ኦፕራሲዮን ትደረግ እያለ ነው። በክኒን የሚታከም የሳንባ ካንሰር አለ ሲባልም ሰምተናል። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

ለእናትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላቸው። አሁን ከሁሉም የሚቀድሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። ከተቀዳው ውሃ የተዘጋጀው የናሙና ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠው ሴል) ለጂን ምርመራ ይላክ፤ ጭንቅላታቸውም በኤምአርአይ ይታይ። ሁለቱንም አዲስ አበባ ሆነው መጀመር ይችላሉ። ወደ ውጭ መሄድ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው የሁለቱ ውጤት ሲመጣ ነው።

የኦፕራሲዮኑን ጉዳይ በቅድሚያ እንየው። የሳንባ ካንሰር በቀዶ ሕክምና የሚወጣው ከተነሳበት የሳንባ ክፍልና ከቅርብ ንፍፊቶች ሳያልፍ ሲደረስበት ነው፤ ይህም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ ተመርጦ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ማለት ነው። በሳንባ ሽፋን ውስጥ በተቋጠረው ውሃ የካንሰር ሴል ከተገኘ ግን ዕጢው ትንሽም ይሁን ትልቅ ደረጃው አራተኛ ነው። ሴሎቹ ሽፋኑ ላይ እንደ ጤፍ ተበትነዋል፤ ዋናውን ዕጢ ማውጣት የተበተነውን አይሰበስበውም። ደረት ተከፍቶ ቁስሉ እስኪያገግም ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሰውነትን በሙሉ የሚደርሰው መድኃኒትም በዚያው ልክ ይዘገያል። በውጭ ያለ ሆስፒታል ፊልሙን ብቻ አይቶ «እንቆርጠዋለን» ቢላችሁ የውሃውን የፓቶሎጂ (የሴል ምርመራ) ውጤት ልከው፣ ይህን አይተው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱ ይጠይቁ።

አራተኛ ደረጃ የሳንባ ካንሰር በአሁኑ ሕክምና ከሥሩ ይጠፋል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። ነገር ግን ሁሉም አንድ አይደለም። በወራት የሚቆጠር አለ፤ ክኒን እየዋጡ፣ ቤታቸውን እያስተዳደሩ ዓመታት የሚኖሩም አሉ። እናትዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ያ ብሎክ ነው።

ስለዚህ የፓቶሎጂውን ወረቀት አውጥተው ያንብቡት። «አድኖካርሲኖማ» የሚለው ቃል ብቻውን ከሳንባ መነሳቱን አያረጋግጥም። በሴት ላይ ከጡት፣ ከእንቁላል ማምረቻ ወይም ከጨጓራ የተነሳ አድኖካርሲኖማም ወደ ሳንባ ሽፋን መጥቶ ውሃ ይቋጥራል። ይህን ለመለየት ቲቲኤፍ-1 የሚባል ልዩ የቀለም ምርመራ ይሠራል፤ ከሳንባ የተነሳው አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ፓቶሎጂስቱ እንዲጨምረው ይጠየቃል። የጡት ምርመራም ሳይታለፍ ይደረግላቸው።

ቀጥሎ የሚጠይቁት «ሴል ብሎክ ተሠርቷል ወይስ በመስታወት ላይ የተቀባ ስላይድ ብቻ ነው?» የሚለውን ነው። ሴል ብሎክ ማለት ውሃው ተሽከርክሮ የዘቀጠው ሴል በሰም ውስጥ ተደርጎ የሚቀመጥበት፣ አውራ ጣት የሚያህል ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው። የጂን ምርመራው በብዛት የሚሠራው ከእሱ ተቆርጦ ነው። ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ብሎኩ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ሌላ አገር ተደርሶ ናሙና እንደገና በመርፌ ይወሰዳል። ብሎኩን በማመልከቻ ፈርመው ለመውሰድ ይጠይቁ። ሲረከቡ ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተውት፤ ሰም ነውና ይቀልጣል።

ብሎክ ካልተሠራ ውሃው እንደገና ሲቀዳ ዕድሉ አለ። በዚያን ቀን ቢያንስ 50 ሚሊ ሊትር፣ ቢቻል 100፣ በንጹሕ ዕቃ ለፓቶሎጂ ይቀመጥ፤ «ለሴል ብሎክ» ተብሎ ይጻፍበት፤ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይድረስ። ካልደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ በረዶ ቤት ግን አይግባ። ናሙናው ከአጥንት የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ አጥንቱን ለማለስለስ የሚገባበት አሲድ ዲኤንኤውን ስለሚያበላሸው ለጂን ምርመራ እንደሚፈለግ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ምርመራው ምን ይፈልጋል? ቢያንስ ኢጂኤፍአር እና ኤኤልኬ በሚባሉ ጂኖች ላይ የመጣ ለውጥ። አቅም ከፈቀደ ሮስ-1 እና ሌሎችም ባንድነት የሚታዩበት ሰፊ ምርመራ አለ፤ ፒዲኤል-1 የሚባል የካንሰሩ ሴል ላይ ያለ ፕሮቲንም አብሮ ይለካል። የኢጂኤፍአር ለውጥ ሲጋራ በማያጨሱ ሴቶች ላይ ጎልቶ ይበዛል፤ በምሥራቅ እስያ ከማያጨሱት ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ሲጋራ አለማጨሳቸው ብቻ እንኳን ይህን ምርመራ እንዳያልፉት በቂ ምክንያት ነው። በመንገዴ ላይ ልበለው፤ ሳያጨሱ ለምን ያዛቸው ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። የማገዶ ጭስ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከተባሉት ተመድቧል፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ካንሰር ይህ አመጣው ብሎ መለየት አይቻልም።

ብሎኩ ካልበቃ ወይም ናሙና መውሰድ ካስቸገረ ከክንድ በተቀዳ ደምም ይመረመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የደሙ ውጤት ፖዘቲቭ ከሆነ ይታመናል፤ ኔጋቲቭ ከሆነ ግን «የለባቸውም» ማለት አይደለም። ዕጢው በቂ ዲኤንኤ ወደ ደም ላይለቅ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወደ ብሎኩ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ክኒኑ። የኢጂኤፍአር ለውጥ ከተገኘ ዓይነቱም መጻፍ አለበት። ኤክሶን 19 ዲሊሽን ወይም ኤል858አር ከሆነ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አብዛኛዎቹ ታካሚዎችም ከሁለቱ አንዱ ነው ያላቸው። ጌፊቲኒብ 250 ሚሊ ግራም፣ ኤርሎቲኒብ 150 ሚሊ ግራም፣ ኦሲመርቲኒብ 80 ሚሊ ግራም፤ ሁሉም በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጡ ናቸው። ኦሲመርቲኒብ የተሻለው ነው፤ ከቀደሙት ሁለቱ ጋር በተወዳደረበት ትልቅ ጥናት በእሱ ከጀመሩት ታካሚዎች ግማሾቹ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ወደ ጭንቅላትም ይበልጥ ይደርሳል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የጌፊቲኒብና የኤርሎቲኒብ ህንድ ሠራሽ ጀነሪክ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 እነዚህን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ቤተሰብ ኦሲመርቲኒብን ለሦስት ወር ብቻ ገዝቶ ከሚያቋርጥ ጌፊቲኒብን ሳያቋርጥ ቢሰጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በጌፊቲኒብ ተጀምሮ ካንሰሩ ሲላመደው ግማሽ ያህሉ ላይ ቲ790ኤም የሚባል አዲስ ለውጥ ይመጣል፤ ያኔም ኦሲመርቲኒብ ይሠራል።

በእናትዎ ጉዳይ አጥብቄ ልነግርዎ የምፈልገው ይህን ነው። የቲቢ መድኃኒታቸው ውስጥ ሪፋምፒሲን አለ፤ ሽንታቸውን ቀይ ብርቱካንማ የሚያደርገው እሱ ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት እነዚህን ክኒኖች ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጌፊቲኒብ ወይም ኦሲመርቲኒብ አብሮት ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው ከተለመደው መጠን አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ክኒኑ ይዋጣል፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ ዕጢው ያድጋል፤ «መድኃኒቱ አልሠራላትም» ይባላል። የቲቢውን መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቲቢና ካንሰር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የቲቢ ክትትል ሐኪማቸውና የካንሰር ሐኪማቸው ግን በዚህ ሳምንት ተነጋግረው ይወስኑ። የቲቢው ምርመራ ምንም ማስረጃ ከሌለው ሊቆም ይችላል፤ ቢቆምም የሪፋምፒሲን ጉልበት ከሰውነት እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ቲቢው እርግጠኛ ከሆነ መጠን ማስተካከል ወይም ሌላ መላ አለ።

ሁለተኛው የጨጓራ መድኃኒት ነው። ኦሜፕራዞል ብዙ ቤት ስላለ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም፤ «ምን ትወስዳለች?» ሲባል አይነገርም። ኤርሎቲኒብን ግን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ጌፊቲኒብንም ይጎዳዋል። ኦሲመርቲኒብን አይነካውም። ኤርሎቲኒብ በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ሌሎቹ ሁለቱ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣሉ።

ከክኒኑ በኋላ ፊትና ደረት ላይ ብጉር የሚመስል ሽፍታ ይወጣል። አለርጂ መስሏቸው የሚያቋርጡ አሉ፤ ማቋረጥ አያስፈልግም። ቆዳውን በቫዝሊን ማለስለስ፣ ከፀሐይ መከለል፣ ከበዛም ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ያዛል። ተቅማጥ ሲጀምር ሎፔራማይድ መጀመሪያ 4 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ 2 ሚሊ ግራም፣ በቀን ከ16 ሳይበልጥ፤ ኦአርኤስም አብሮ ይጠጣል። አንድ ምልክት ግን አይጠበቅበትም። አዲስ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር በድንገት ከመጣ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ሳንባውን አስቆጥቶት ሊሆን ይችላል።

ኤኤልኬ ከተገኘ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ አሌክቲኒብ ከምግብ ጋር 600 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ። ይህ ለውጥ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው፤ ያገኙት ግን ብዙ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ይጠቀማሉ።

የጂኑ ውጤት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚላክ። እስከዚያ መጠበቅ የሚችሉት እናትዎ እየተራመዱ፣ ምግብ እየበሉ፣ ትንፋሻቸው ደህና ከሆነ ነው። እየደከሙ ከሄዱ ሐኪሙ እንዳለው ኬሞ መጀመር ትክክል ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ ወደ ክኒን መዛወር ይቻላል። የማልመክረው ውጤቱ ሳይታወቅ ፔምብሮሊዙማብን የመሰለ የኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነቃቃ) መርፌ መጀመርን ነው። ውጭ አገር ሲኬድ ቶሎ የሚቀርበው ይህ ነው። ኢጂኤፍአር ያለበት ካንሰር ላይ ብዙም አይሠራም፤ ከእሱ ቀጥሎ ወዲያው ኦሲመርቲኒብ ሲሰጥ ደግሞ ሳንባ የመቆጣት አደጋው ይጨምራል። የጂን ለውጥ ከሌለና ፒዲኤል-1 ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ይኸው መርፌ ካሉት ሕክምናዎች ከፊተኞቹ ነው።

ኬሞው ለአድኖካርሲኖማ ብዙውን ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፔሜትሬክስድ ነው፤ በየ21 ቀኑ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዙር። ፔሜትሬክስድ ካልተገኘ ፓክሊታክሰል ይተካዋል። ፔሜትሬክስድ ዝግጅት ይፈልጋል፤ ዝግጅቱ ሲዘለል አፍ ይቆስላል፣ ነጭ የደም ሴል ክፉኛ ይወርዳል። ከመርፌው አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ይዋጣል፤ የመጨረሻው መርፌ ካለፈ በኋላም 21 ቀን ይቀጥላል። ከመርፌው አንድ ሳምንት በፊት ቫይታሚን ቢ12 1,000 ማይክሮ ግራም በጡንቻ ይወጋል፤ በየዘጠኝ ሳምንቱ ይደገማል። ዴክሳሜታዞን 4 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመርፌው ቀን በፊት፣ በዕለቱና በማግስቱ። ፋርማሲ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፎሊክ አሲድ ክኒን 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ ከሚፈለገው ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ «ፎሊክ አሲድ ስጠኝ» ብቻ ብለው አይግዙ። መጠኑን ያሳዩና የትኛው እንደሚሰጣቸው ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። በመርፌው ሰሞን ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ሐኪሙ ሳያውቅ አይወሰዱ፤ ኩላሊት መድኃኒቱን እንዳያስወጣ ያግዳሉ።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። መርፌው በተሰጠ ከሳምንት በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ወይም ብርድ ብርድ የሚል መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማየት እዚህ ላይ ሰው ይገድላል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ኢንፌክሽኑ ግን በደም ውስጥ ይቀጥላል። በሩ ላይ እንደደረሱ «ኬሞ ላይ ናቸው» ይበሉ፤ ወረፋው የሚለወጠው በዚህ ቃል ነው።

ስለ ውሃው። ትንፋሽ የሚያጥራቸው በዋናነት በእሱ ከሆነ ከየትኛውም ኬሞ በፊት እፎይ የሚያሰኛቸው መቀዳቱ ነው። ባንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ አይቀዳም፤ ታጥፎ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲከፈት ራሱ ውሃ ሊሞላ ይችላል። በሚቀዳበት ጊዜ ደረት መጨነቅ ወይም የማያቋርጥ ሳል ከመጣ ይቁም። በየሳምንቱ ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ሁልጊዜ በመርፌ ከመቅዳት ሽፋኑን ታልክ በሚባል ዱቄት ማጣበቅ ወይም ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቤት ውስጥ መቅዳት አለ። ክኒኑ ከሠራ ደግሞ ውሃው ራሱ ሊደርቅ ይችላል።

ጨረር በዚህ ደረጃ ለተመረጠ ቦታ ነው፤ ጭንቅላት ላይ ለተገኘ ዕጢ፣ ለሚያም አጥንት፣ ደም ለሚያስተፋ ዕጢ። ለአጥንት ሕመም አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው ማዕከል ነበር፤ አሁን ጅማም አገልግሎቱ አለ። ወረፋ ስላለ የሚያስፈልግ መሆኑ እንደታወቀ ይመዝገቡ። እግር መዛል፣ ሽንት ማስቸገር፣ ከጀርባ ሕመም ጋር ከመጣ ግን ወረፋ የለውም፤ የአከርካሪ ነርቭ እየተጫነ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ መታየት አለባቸው።

የማስታገሻ ሕክምና «ሌላው ሲያልቅ» የሚጀመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን ውስጥ በተሠራ ጥናት አራተኛ ደረጃ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ከካንሰር ሕክምናው ጋር ይህን ሲያገኙ የኑሯቸው ጥራት ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውም በአማካይ ጨምሯል፤ 11.6 ወር ከ8.9 ወር። ስለ ሞርፊን የሚፈራው ብዙ ነው። በአፍ የሚሰጥ ትንሽ መጠን ሕመምንም የትንፋሽ ጭንቀትንም ያስታግሳል፤ ሐኪም እየተከታተለ ሲሰጥ ሱሰኛ የማድረጉ ዕድል ዝቅተኛ ነው። የሚያደርቀው ሆድን ነውና ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ።

ጾምን በተመለከተ፣ እናትዎ ጾመኛ ከሆኑ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ያገናኟቸው፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ከልጅ ይልቅ ከእሳቸው ቢሰሙት ይቀላቸዋል። ጸበል ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳው መድኃኒቱን አቁሞ መሄድ ነው። ኬሞ ላይ እያሉ የሚጠጡት ውሃ ግን ይፈላ። ምንነቱ ያልታወቀ የሥራሥር መድኃኒት ጉበት ላይ ስለሚያርፍ አይጨመር።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ውጭ መሄድ የምደግፈው ለተወሰነ ነገር ነው፤ የጂን ምርመራውን እዚህ ማስላክ ካልተቻለ፣ የታዘዘው ክኒን እዚህ ካልተገኘ፣ ወይም ጭንቅላት ላይ ለተገኘ ትንሽ ዕጢ የተለየ ጨረር ካስፈለገ። ለተራ ካርቦፕላቲን መሄድ ትርፉ ድካም ነው፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በየ21 ቀኑ መመላለስ ወይም ሆቴል መክረም ገንዘቡን ይጨርሰዋል፤ ያ ገንዘብ የአንድ ዓመት ክኒን ይሆናል። ወንድምዎ መርዳት ከፈለገ ከቲኬቱ በፊት የምርመራውን ወጪ ይቻል።

ከተወሰነ ደግሞ ውሃው ተቀድቶ ይሂዱ፤ ከተቀዳም በኋላ ደረታቸው ውስጥ አየር አለመግባቱ በራጅ ይረጋገጥ፤ አየር ካለ አይበረርም። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ ቤታቸው ያለ ኦክስጅን በደህና የሚተነፍሱ ከሆነ በበረራው ብዙ ላይቸገሩ ይችላሉ። እዚህ ኦክስጅን ላይ ከሆኑ ግን አየር መንገዱ በቅድሚያ የሐኪም ፎርም አስሞልቶ ማዘጋጀት አለበት። ረጅም በረራ ደም ስለሚያረጋ በየሰዓቱ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ።

ብሎኩ፣ ስላይዶቹ፣ የፓቶሎጂ ወረቀቱ፣ የመድኃኒታቸው ዝርዝር ከነመጠኑ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ በሚጫን ሻንጣ አይላክ። ሲቲውን በፊልም ሳይሆን በሲዲ ይጠይቁ። ከመነሳትዎ በፊትም ሲዲውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ምስሎቹ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ባዶ ሲዲ ይዞ የደረሰ ሰው ሲቲውን እንደገና ይነሳል።